ዕድሳቱ ያለፈበት የዊንች ሠራተኛ

አድማሴ እንግዳው የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር የዊንች ሠራተኛ ነው። በክፍቱ በር ጠርዝ ተንበርክኮ፣ በወገቡ ቀበቶ ታስሮ፣ ሰው የሚወርድበትንና የሚወጣበትን የብረት ገመድ በዊንቹ፣ ማለትም በሞተር በሚሠራው የገመድ መጠቅለያ፣ ይቆጣጠራል። አብራሪው ከሄሊኮፕተሩ ሆድ በታች ያለውን ማየት አይችልም። የሚያይለት አድማሴ ነው። "ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ፣ ቁም፣ ወደ ቀኝ" እያለ በጆሮ ማዳመጫው ይመራዋል። የዊንች ሠራተኛው ድምፅ ከተንቀጠቀጠ የአብራሪውም እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በዚህ ሙያ መጀመሪያ የሚለመደው ገመድ መያዝ አይደለም፤ እየፈሩ እንዳልፈራ ሰው መናገር ነው።

የተወለደው ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ክረምት ሲገባ ማሳውም መንገዱም ግቢውም አንድ ውኃ በሚሆንበት አገር ማለት ነው። ልጅነቱን በበሬና በደብተር መሃል አሳለፈ፤ ከዚያ ወረታ ወርዶ የሞተር ጥገና ተማረ። ለጥቂት ዓመታት የሩዝና የሽንኩርት ገበሬዎችን የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲፈታ ሲገጥም ቆየ። ባሕር ኃይል ሞተር የሚያውቁ ወጣቶችን ይፈልጋል ሲባል ተመዘገበ። መርከብ ይደርሰኛል ብሎ ሲጠብቅ ሄሊኮፕተር ደረሰው።

እናቱ ወይዘሮ ደብሬ ይህን ሲሰሙ አልተደሰቱም። "ውኃ ላይ ነው ብለኸኝ ሄድክ፤ እሱንም ችዬ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ከውኃ በላይ ሰማይ ላይ? ምነው፣ መሬት ላይ ሥራ ጠፋ?"

ሥልጠናው ላይ ያስቸገረው ሳጥኑ ነበር። በሄሊኮፕተር ሆድ አምሳያ የተሠራ የብረት ሳጥን ነው። ሠልጣኞቹን በየወንበራቸው እንደታሰሩ ይዞ ገንዳ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሰምጦም ይገለበጣል። ደንቡ አጭር ነው። አንድ እጅህ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ ቀበቶህ ላይ ይሁን፤ ውኃው ሞልቶ እስኪረጋ ቀበቶህን አትክፈት። ቀድሞ የከፈተ ሰው ውኃው ያንሳፍፈዋል፤ ላይና ታቹ ይጠፋበታል፤ መውጫውን ያጣል። አድማሴ በመጀመሪያው ቀን ቀድሞ ከፈተ። ገንዳው ውስጥ የሚጠብቀው ጠላቂ በአንገትጌው ጎትቶ አወጣውና ሳቀበት።

"የፎገራ ልጅ ነኝ፣ ውኃ አያስፈራኝም ያልከው አንተ አይደለህም?"

"የኛ ውኃ ከእግር ነው የሚመጣው" አለ አድማሴ እያሳለ። "ይሄ ከራስ በኩል መጣብኝ።"

ሳጥኑን አለፈው። ግን የዚህ ሥራ ፈተና አንድ ጊዜ ታልፎ የሚረሳ አይደለም። ሳጥኑ በየጊዜው ይመለሳል፤ የጤና ምርመራው ይመለሳል፤ ዊንቹ ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ይመለሳል። ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል "ዕድሳት" ይሉታል። አንድ ወር ሙሉ ከውኃ ላይ ምንም ያላነሣ የዊንች ሠራተኛ ዕድሳቱ አለፈ ይባላል። የፈለገውን ያህል ዓመት የሠራ ቢሆን፣ በአስተማሪ ፊት አሸዋ የተሞላ ከረጢት ከጣቢያው አጠገብ ካለው ሐይቅ አንሥቶ እስኪያሳይ ድረስ ሰው አያነሣም። ምክንያቱም እጅ የተማረውን ሳይናገር ይረሳል። ባለቤቱ የሚያውቀው ከረሳ በኋላ ነው።

የአድማሴ ዕድሳት ያለፈው በወባ ነው። ሰኔ ላይ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ገባ፤ የሩዝ አረም አገዘ፤ ወባውን ይዞ ተመለሰ። ወባ የያዘው ሰው ሐኪም ደህና ነህ እስኪለው አይበርም። ሐኪሙ ደህና ነህ ሲለው ደግሞ ሰማዩ ተዘጋ። የከረጢቱ በረራ ለማክሰኞ ይያዛል፤ ማክሰኞ ይዘንባል። ለዓርብ ይዛወራል፤ ዓርብ ሐይቁ በጉም ይሸፈናል። እሱም በየቀኑ የበረራ ልብሱን ለብሶ፣ የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሌሎቹ ሲነሡና ሲያርፉ እያየ ይውላል። እናቱ ስልክ ሲደውሉ ነገሩን ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"አባረሩህ እንዴ?"

"አይ እማዬ። ዕድሳት አልፎብኝ ነው።"

"ምን አጥፍተህ?"

"ምንም አላጠፋሁም። ታምሜ ነው።"

"ታዲያ ድነሃል አይደል?"

"ድኛለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሥራህን አይሰጡህም?"

መልሱን ቢያውቀውም በስልክ የሚነገር አልሆነለትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ባንድ ሌሊት ሞልተው ሜዳው ላይ ፈሰሱ። ጠዋት የታናሽ እኅቱ የአምሳል ባል ቻላቸው ደወለ።

"አማቼ፣ ሰማይ ነህ መሬት?" ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚጀምረው። ያን ዕለት ግን ሳቅ አልነበረበትም።

"መሬት ነኝ። ምን ሆናችሁ?"

"አምሳልን ምጥ ይዟታል። ከትናንት ጀምሮ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ አይታት፣ ልጁ በእግሩ ነው የመጣ፣ ሆስፒታል መግባት አለባት አለች። በምን ላግባት? መንገዱ የለም። ታንኳ መጥቶልን ነበር፣ ጅረቱ ገልብጦ ወሰደው።"

"ሰውስ?"

"ሰው ወጥቷል። እኛ እንግዲህ ጉብታው ላይ ነን፣ ባሕር ዛፉ ያለበት። እናትህም እዚሁ ናቸው። አድማሴ፣ እኔ..."

መስመሩ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ፤ አይሠራም። ደግሞ ደወለ፤ አይሠራም።

ወረዳው ቁሐር ሚካኤል ላይ ምጥ የያዛት ሴት አለች ብሎ በሬዲዮ እርዳታ ጠይቆ ስለነበር ትእዛዙ ብዙ አልዘገየም። አብራሪው ካፒቴን ዘመነ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ዊንቹን የሚይዘው ይሄይስ ነው፤ አስተማሪም ነው፣ ዕድሳቱም ያላለፈ። በገመድ የሚወርደው ማረው ነው። ሦስቱም ያን ሜዳ አያውቁትም።

"ቁሐር ሚካኤልን የሚያውቅ?" አለ ካፒቴኑ።

"አገሬ ነው፣ ጌታዬ" አለ አድማሴ። ከዚያ ሳይጠየቅ ጨመረ። "ሴትየዋም እኅቴ ናት።"

ካፒቴኑ ቀና ብሎ አየው። "ዕድሳትህ?"

"አልፏል።"

"ደፍረህ ነገርከኝ።"

"እኔ ባልነግርዎት ይሄይስ ይነግርዎታል።"

"እነግር ነበር" አለ ይሄይስ ከኋላ።

"እንግዲያው ስማ። ዊንቹ የይሄይስ ነው። እጅህ እንዳይነካው። አንተ የምትመጣው ቦታውን ልታሳየን ብቻ ነው። መሃል ላይ ልብህ ካሸነፈህ 'አልቻልኩም' በለኝና ቁጭ በል። አልታዘብህም።"

ሄሊኮፕተሩ ሲነሣ አድማሴ መቆሚያ ያጣ ሰው ሆነ። በሩ ጋ ተንበርክኮ የለመደ ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነለትም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። በመጨረሻ ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

ሜዳው ከላይ ሲታይ የሚያውቀው አልመሰለውም። ሩዙ የለም፣ ድንበሩ የለም፣ ቡናማ ውኃ ብቻ። እዚህም እዚያም ጉብታ ብቅ ብሏል፤ ሁሉም ላይ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም ላይ ቆርቆሮ ቤት፣ ሁሉም ላይ ነጠላውን የሚያውለበልብ ሰው አለ። የትኛው ነው? አንድ ጊዜ "ያ ነው" አለ፤ ወዲያው "አይደለም" አለ። የሚካኤልን ጉልላት ሲያይ ነው የረጋው። ከጉልላቱ ወደ ሐይቁ፣ የመብራት ሽቦውን በግራ ትቶ፣ ሁለተኛው ጉብታ።

"እሱ ነው። ሽቦው በግራ ነው ጌታዬ፣ ምሰሶዎቹ ዘመዋል፣ አይጠጉት።"

"አየሁት።"

ይሄይስ ማረውን አወረደው። አሠራሩ ቀርፋፋ ነው፤ ድምፁም ቀርፋፋ ነው። "ወደፊት... ትንሽ... ቁም።" አድማሴ በልቡ ይቀድመዋል፤ አሁን ልቀቅለት፣ አሁን ያዝ ይላል። ይሄይስ ግን በራሱ ጊዜ ሠራ፤ ማረውም ጭቃውን በሁለት እግሩ ረገጠ። ራሱን ከመንጠቆው አላቅቆ፣ ቃሬዛውን ይዞ፣ ገመዱ እዚያው ይጠብቀኝ የሚል ምልክት ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። አምሳል ውስጥ ነበረች።

ስሕተቱ የተሠራው በዚያች ሰዓት ነው።

በዚያ አገር በጎርፍ ጊዜ ታንኳ ሲደርስ ዳር የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ገመዱን ተቀብሎ ማሰር ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ገመድ እጁ ገብቶ ሳያስር ቀርቶ ታንኳ የተወሰደበት ሰው ስሙ ለዓመታት በደግ አይነሣም። ቻላቸው ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት አንድ ታንኳ በዓይኑ ፊት ሄዶበታል። የብረቱን ገመድ በነፋስ ሲወዛወዝ አየው። ሮጦ ያዘው፤ በባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ጠመጠመው፤ መንጠቆውን በራሱ በገመዱ ላይ አቆለፈው። እሱም አልበቃው ብሎ በጠፍር ደግሞ አሰረበት። ከዚያ ቀና ብሎ ሄሊኮፕተሩን አየ። ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ፊት ነበረው።

"ገመዱ ታስሯል" አለ ይሄይስ። ድምፁ ያው ቀርፋፋ ነው። እጁ ግን ወደ ገመድ መቁረጫው ቁልፍ ሄዷል።

የታሰረ ገመድ ይቆረጣል። ደንቡ ይሄ ነው፤ ጥያቄም የለበትም። ከመሬት ጋር የታሰረ ሄሊኮፕተር ነፋስ ሲገፋው መሸሽ አይችልም፤ ገመዱ ይዞ ወደ ጎን ያጋድመዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይነገርም። ከታችም ሰው አለ። ሆኖም ከተቆረጠ ሌላ ገመድ የሚገጠመው ጣቢያው ላይ ነው፤ ያ ቀኑን ይጨርሳል። ጉብታው ላይ እንዳያርፉ ጭቃው አይሸከማቸውም፤ ዛፉም አያስጠጋቸውም። አምሳል ቀኑን የምትጨርስ መሆኗን ማንም አያውቅም።

ይሄይስ በሬዲዮ ማረውን ጠራው። ማረው ቆርቆሮው ሥር ነው፤ የሄሊኮፕተሩ ነፋስ ቆርቆሮውን እየደበደበው አይሰማም። ይሄይስ በእጁ የልቀቅ ምልክት ሰጠ፤ በሥልጠና የተማሩትን፣ እጁን እያሽከረከረ። ቻላቸው ተመለከተ። ገባኝ አለ በልቡ። ሮጦ ሄዶ ጠፍሩን አንድ ዙር ጨመረበት።

"አጥብቅ ያልኩት መሰለው" አለ ይሄይስ።

በሐይቁ በኩል ጥቁር ዝናብ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ከፊቱ ነፋስ እንዳለ ሁሉም ያውቃሉ።

"ይሄይስ፣ ተዘጋጅ" አለ ካፒቴኑ።

"ዝግጁ ነኝ።"

አድማሴ የይሄይስን ጣት ያያል። የመቁረጫው ቁልፍ ቀይ ክዳን ተነሥቷል። ይሄይስ እንዳልተሳሳተ ያውቃል፤ እሱም በቦታው ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። ማወቁ ምንም አላቀለለለትም።

"ጌታዬ፣ እኔ ላናግረው!"

"በምን ታናግረዋለህ?"

"በእጄ። ዊንቹን አልነካም።"

"ነፋሱ እስኪደርስ ብቻ።"

አድማሴ ቀበቶውን አረጋግጦ በይሄይስ ትከሻ በኩል ወደ ውጭ ወጣ አለ። ቻላቸው ቀና ብሎ ያያል። አድማሴ ሁለት እጆቹን አንገቱ ላይ አደረገ፤ ቀንበር እንደተጫነው ሰው። ከዚያ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ በተናቸው። ደገመው። በዚያ ሜዳ ምሳ ይዞ የመጣ ሰው አራሹ ሩቅ ከሆነና ነፋስ ድምፁን ከበላበት፣ ድንበሩ ላይ ቆሞ እንዲህ ያደርጋል። በሬዎቹን ፍታ ማለት ነው።

ቻላቸው ዞሮ ወደ ኋላው አየ። በሬ የለም። ውኃ ነው ያለው። እንደገና ቀና አለ። አድማሴ ደገመው፤ አንገቱን፣ ብትን፤ አንገቱን፣ ብትን። ዓይኑን ከቻላቸው ላይ አልነቀለም። ቻላቸው ሄሊኮፕተሩን አየ፤ ገመዱን ተከትሎ ግንዱን አየ። ያኔ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ሮጠ። ጠፍሩ ረጥቦ ጠብቋል። በጥርሱ ሞከረ፤ አልሆነም። ማጭድ ከቤቱ ማዕዘን መዝዞ በጠሰው። መንጠቆውን ሲያላቅቅ ገመዱ ከእጁ አፈትልኮ ተወረወረ፤ እሱም በጀርባው ጭቃው ላይ ወደቀ።

"ነፃ ነው" አለ ይሄይስ።

ካፒቴኑ ሄሊኮፕተሩን አዙሮ ሸሸ። ነፋሱ የያዛቸው ጉብታውን ከለቀቁ በኋላ ነው፤ ሄሊኮፕተሩን እንደ ሰፌድ አናወጠው። ዝናቡ እስኪያልፍ በሚካኤል ጉልላት በላይ ሁለት ጊዜ ዞሩ። አድማሴ ተመልሶ እጆቹ ላይ ተቀመጠ።

ሲመለሱ ማረው ራሱ ከዛፉ ርቆ ቃሬዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቻላቸው እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ ከገመዱ የሚችለውን ያህል ሸሽቶ ቆሟል። መንጠቆው መጀመሪያ መሬት ነክቶ በበረራ የተጠራቀመበትን ኤሌክትሪክ አራገፈ፤ ማረው አያያዘው። ይሄይስ በዚያው በቀርፋፋ ድምፁ አወጣቸው። ቃሬዛው በሩ ጋ ሲደርስ ጎትቶ ያስገባው አድማሴ ነው፤ ለመጎተት ዕድሳት አይጠየቅም።

አምሳል ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። የራስ ቁሩን አይታ መጀመሪያ አላወቀችውም። ከዚያ አፏን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አይሰማም፤ "አንተ ነህ?" ያለች መሰለው። ጣቱን ያዘችው። ወረታ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

ወረታ ኳስ ሜዳው ላይ አምቡላንስ ቆሞ ነበር። ቃሬዛውን ሰጡ። አድማሴ አብሮ ሊሄድ አንድ እግሩን አወረደ፤ ካፒቴኑን አየ፤ መለሰው። ጉብታዎቹ ላይ ገና ሰው አለ፤ መንገዱን የሚያሳይ እሱ ብቻ ነው። እስኪመሽ ተመላለሱ። ቻላቸውንም እናቱንም አወጧቸው፤ ወይዘሮ ደብሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ወጥተው ጨፍነው ወረዱ። ከዚያ ጣቢያ ገቡ። ስልክ አይሠራም።

በማግሥቱ ሰማዩ ተከፈተ። ሐይቁ ዝም ብሏል። ይሄይስ የአሸዋውን ከረጢት ራሱ ተሸክሞ መጣ።

"በል ተነሥ። ዛሬ ትታደሳለህ።"

ከበረራ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ደህና ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ተኝተሃል? በልተሃል? ሕመም አለብህ? ልብህ እዚህ ነው? ሁሉም "ደህና ነኝ" ብሎ ነው የሚያልፈው። አድማሴም ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚለው። ይህ ቀን ካመለጠ ሌላ ጥሩ ሰማይ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ዕድሳቱ ከዚህ ከዘገየ ደግሞ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ያውቃል።

"ደህና ነህ?" አለው ካፒቴን ዘመነ።

"አይደለሁም፣ ጌታዬ። አልተኛሁም። ልቤም እዚህ የለም።"

"እርግጠኛ ነህ? ሰማዩን እያየኸው ነው።"

"እያየሁት ነው። ከረጢቱን የምጥለው ይመስለኛል።"

ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ። ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። ስልኩን ደጋግሞ ሞከረ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ራሱ ጮኸ።

"አማቼ፣ ሰማይ ነህ መሬት?"

"ተናገር!"

"ወለደች። ሴት ናት።"

"አምሳልስ? አምሳል እንዴት ናት?"

"ደም ሰጥተዋታል። አሁን እያወራች ነው። የምታወራው ደግሞ ስለ እኔ ነው። ገመድ አስሮ ሊገድለኝ ነበር እያለች ለነርሷ ሁሉ ትናገራለች።"

አድማሴ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይሄይስ ፊቱን አይቶ ሳይጠይቅ ገባው።

"ወረታ ሂድ" አለው። "ከረጢቱ አይወልድም። ይጠብቅሃል።"

ወረታ ሲደርስ አምሳል ተኝታለች፣ ልጅቷ አጠገቧ በነጠላ ተጠቅልላለች። ቻላቸው በሩ ጋ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ የትናንቱ ጭቃ ደርቆ ቀርቷል። ተሳሳሙ። ቻላቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንተ፣ በጎርፍ መሃል በሬ ፍታ ስትለኝ እኮ አማቼ ለየለት ነው ያልኩ።"

"አንተስ? ፍታ ሲሉህ ጨምረህ የምታስር?"

"ያ ሰውዬ እጁን ሲያዞር ነዋ! ጠምጥም አለኝ፣ ጠመጠምኩ።"

"ቻላቸው፣ ስማኝ። አልቀልድም። ከሰማይ የወረደ ገመድ አይታሰርም። ለጎረቤቶችህም ንገር። ነፋስ ቢወስደውም ተዉት።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"ሚካኤልን፣ አላስርም።" በበሩ ወደ ሰማዩ አየ። "ግን ሲሄድ ቆሜ ልየው?"

"ቆመህ እየው።"

ቻላቸው እጆቹን አጣምሮ የተኛችውን ሚስቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ከባድ ነው" አለ።

"ከባድ ነው" አለ አድማሴም፤ የራስ ቁሩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፋት።